በማን አቆጣጠር

የካቲት 8 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

የንስሐ አባቴ «ሐዘንሽን ለሰው ካልነገርሽ ለወረቀት ንገሪው» ስላሉኝ ነው ይኼን ደብተር የያዝሁት። እኔ ብረት እንጂ ወረቀት አይሆንልኝም። ግን ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎኝ ወደየቤቱ ገብቷል፤ የምነግረው የለኝም።

ደረሰ ከሞተ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ባሌም ነበር፣ ባልደረባዬም ነበር። ሁለታችንም እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ በሙያ ትምህርት ቤቱ የብረታ ብረት ክፍል አስተማሪዎች ነን። እሱ ነበር፣ እኔ ነኝ። ይኼን አነጋገር እስከ ዛሬ አልለመድሁትም።

ዛሬ ዲኑ አቶ ገነነ ቢሯቸው ጠሩኝ። ነገሩ የማሽኑ ነው። ደረሰ አዲስ አበባ ከተዘጋ ፋብሪካ ለምኖ ያመጣው ትልቁ ብረት ቀራጭ ሚሊንግ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው፣ ሲኤንሲ የምንለው፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ወርክሾፑ ጥግ ቆሟል። ስክሪኑ ከወርክሾፑ መብራት ጋር በየቀኑ ይበራል፤ ጠረጴዛው ግን አይንቀሳቀስም።

«አልጣሽ፣ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ግንቦት ላይ ይመጣል። እስከዚያ ካልሠራ በውዳቂ ብረትነት ይሄዳል» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ሟችን ማንሳት ጥሩ አይደለም እንጂ፣ አንዳንድ ሰው ደረሰ ከአዲስ አበባ ሬሳ ተሸክሞ መጣ ይላል» አሉ።

አንዳንድ ሰው ማን እንደሆነ አላጣሁትም።

«አስነሳዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። እንዴት እንደማስነሳው እንጃ። ግን ባሌን ቁራሌው መዝኖ እንዲወስደው አልፈቅድም።

የካቲት 11

ሦስት ወሩ ዛሬ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የካቲት 16፣ ረቡዕ

የኤሌክትሪክ አስተማሪው ትዕዛዙ ልርዳሽ ብሎ መጣ። ከደረሰ ጋር ሲነታረኩ ነበር የሚውሉት፤ ከሁሉም ሰው ይልቅ የሚናፍቀው ደግሞ እሱ ነው መሰለኝ።

የጀርባውን ክዳን ከፈትነው። አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች። የበላችው ኬብል ደረሰ ሊተካው የነበረው ነው። ለዚያ ኬብል ነበር ቡሬ የሄደው። ሲመለስ ሚኒባሱ ማንኩሳ ሳይደርስ ተገለበጠ። ኬብሉን ፖሊሶች አምጥተው ሰጡኝ፤ ምንም አልሆነም፤ እንደተጠቀለለ ነበር። እስከ ዛሬ ከአልጋ ሥር አድርጌው ኖሬያለሁ።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ ነገር እየጮኸ ብልጭ ድርግም ይላል። «ባትሪ እያለ ነው። እንቀይርለት» አለ ትዕዛዙ።

«ባትሪው አዲስ ነው» አልሁት።

ባትሪው መብራት ሲጠፋ የማሽኑን ትዝታ የሚጠብቅ ነው። ማሽኑ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ቁጥር ሁሉ፣ የተጻፈለትንም ትእዛዝ እሱ ነው የሚይዘው። ደረሰ መጀመሪያ የከፈተው ቀን «የፋብሪካው ሰዎች ጨዋ ናቸው፤ ሊልኩልን ሲሉ ባትሪ ቀይረውለታል» ብሎኛል። እኔም አየሁት። በእስክሪፕቶ 01/2003 ተብሎ ተጽፎበታል። የዚህ ዓመት መስከረም። ገና ስድስት ወር አልሞላውም።

«ታዲያ ለምን ይጮሃል?»

«ሽቦው ይሆናል። አይጧ እዚያም ደርሳ ይሆናላ።»

ትዕዛዙ ራሱን አከከና «ደረሰ ካለ እንግዲህ» ብሎ ተወው። ደስ አለኝ። ከሞተ ወዲህ ቃሉን ያከበረለት ሰው አላየሁም ነበር።

የካቲት 22

ጾሙ ገባ። ለወጥ ሳልሳ ልፈልግ ቁም ሣጥኑን ስከፍት ያች ጣሳ ወጣች። አምና ነው። ጣሳው ላይ የማብቂያ ዘመኑ 2010 ይላል፤ እኔም ገና ስምንት ዓመት አላት ብዬ ላስቀምጣት ስል ደረሰ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «አንች ሴት፣ ይኼ እኮ የፈረንጅ ዘመን ነው፤ በእኛ ልታልቅ ወራት ነው የቀራት» አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ለአስተማሪው ሁሉ «ሚስቴ ፈረንጅን በስምንት ዓመት ልትቀድመው ነው» እያለ ሲያወራ ከረመ። ተናድጄ ሁለት ቀን አኩርፌዋለሁ።

ሁለት ቀን። ምን አለ ያን ጊዜ ብስቅለት ኖሮ።

ጣሳዋን አልጣልኋትም። ወደ ቦታዋ መለስኋት።

መጋቢት 3፣ ቅዳሜ

ጅጋ አማቴ ዘንድ ደርሼ መጣሁ። እማማ እህተ ማርያም ከስተዋል። ልጅ የላቸውም ሌላ፤ እሱ ብቻ ነበር። ማሽኑን እየጠገንሁ መሆኔን ነገርኋቸው።

«ልጄን የበላው እሱ አይደል? ምን ሊሆንሽ ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ቢሠራ ስሙ ይነሳለታል። ደረሰ ያመጣው ነው ይባላል።»

«እንግዲያስ አንች ጨርሽለት» አሉ። ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ ቀና ብለው አናግረውኝ አያውቁም። ለጎረቤት ምራቴ አስተማሪ ናት ይላሉ እንጂ የምን አስተማሪ እንደሆንሁ አይናገሩም። ብረት የምትነካ ሴት፣ የቀጥቃጭ ወገን ትመስላለች ብለው ፈርተው ነው። ዛሬ በር ድረስ ሸኙኝ። ከበሩም አለፉና እስከ ግራሩ ድረስ መጡ።

መጋቢት 14

ኬብሉን ገጠምን። ከቤት አምጥቼው ጥቅልሉን ልፈታ ስል ደረቴ ላይ ይዤው ቆየሁ። ትዕዛዙ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ደግ ነው።

መጋቢት 26

ሳምንቱ በስብሰባ አለቀ። የግድቡ ወሬ ነው፤ ትምህርትም የለም፣ ወርክሾፕም የለም። ከሰዓት ሾልከን ገብተን ማሽኑን ብንለኩሰው ሞተሩ ወደ ኋላ ዞረ። ትዕዛዙ ሁለቱን የኤሌክትሪክ ፌዝ ሽቦዎች አቀያየራቸውና ተስተካከለ። ባትሪው አሁንም ይጮሃል፤ ባለፈው ሳምንት አቶ ገነነ ሰምተው ሲጠይቁን «ባትሪው አዲስ ነው ተብሏል» አልናቸው። ለምደነዋል፤ እንደ ጎረቤት ውሻ።

ሚያዝያ 6፣ ሐሙስ

ተነሳ!

ጠረጴዛው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ እንደ ቅቤ። ትዕዛዙ አቀፈኝና ወዲያው አፈረ። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ተማሪዎቹ በመስኮት ሲያዩን ነበር፤ ይዩ።

አሁን ረጋ ብዬ ልጻፈው። ማሽኑ ውስጥ ደረሰ የጻፈው ትእዛዝ አለ። ጥቅምትን ሙሉ ጠረጴዛው እንደማይንቀሳቀስ እያወቀ ሲጽፍ ነበር። «የትምህርት ቤቱን ስም በአሉሚኒየም የሚቀርጽ ነው፤ በር ላይ እንሰቅለዋለን» ብሎኛል። ማሽኑ ፊደላችንን አያውቅም፤ እያንዳንዷን ጫፍ በካሬ ወረቀት እየለካ በቁጥር ነው ያስገባው። ስጠጋ ወረቀቱን እያጠፈ ኪሱ ይከት ነበር። ወረቀቱ ከኮቱ ጋር ማንኩሳ ቀረ።

ብረት ሳናስገባ በባዶው፣ በአየር ላይ አስኬድነው። መቁረጫው ወጣ፣ ታጠፈ፣ ወረደ፤ ተመለሰና ሁለተኛ እግር ሠራ።

«ፍ እንዲህ ናት እንዴ? እኔ አ ነው ያየሁት» አለ ትዕዛዙ።

«የደረሰ ጽሕፈት መቼ ይነበብ ነበር» አልሁት።

አራት ቦታ ሠርቶ ቆመ። ፍኖተ ሰላም ስድስት ፊደል ነው። ሳይጨርሰው ቀርቶ ይሆናል። ደረሰ መቼ ምን ጨርሶ ያውቃል።

ትዕዛዙ «አሉሚኒየም አምጥቼ አሁኑኑ እንቅረጸው» አለ። እምቢ አልሁ። ኮሚቴው በተገኘበት፣ ሬሳ ነው ያለው ሁሉ ቆሞ እያየ ይሁን። ለአቶ ገነነም ሄጄ ነገርኋቸው፤ የትምህርት ቤቱን ስም ፊታችሁ ይቀርጻል አልኋቸው። ተገረሙ። «ለኮሚቴው እጽፍላቸዋለሁ» አሉ።

ከሞተ ወዲህ እህል የበላሁት ዛሬ ነው ማለት ይቻላል።

ሚያዝያ 10፣ ሰኞ

ሕማማት ስለገባ ወርክሾፑ ተዘጋ። ዋናውን ማብሪያ አጥፍቼ፣ ማሽኑን ሸራ አልብሼ፣ ቆልፌ ወጣሁ። ከበሩ ተመልሼ ገብቼ ጎኑን መታ መታ አደረግሁት። ሰው ቢያየኝ አበደች ይለኝ ነበር።

ሚያዝያ 18

ፋሲካን ጅጋ ዋልሁ። እማማ እህተ ማርያም ለጎረቤቶቻቸው «የልጄን ማሽን ምራቴ አስነሳችው» ሲሉ ሰማሁ። አቀርቅሬ ወጥ አማሰልሁ። መንፈቁን ግንቦት 11 ልናወጣለት ተስማማን።

ሚያዝያ 24፣ ሰኞ

ምን ልበል።

ጠዋት ከፍቼ አበራሁት። ስክሪኑ በራ። ቁጥሩ ሁሉ ዜሮ ነው። ጠረጴዛው አይሰማም። የደረሰን ትእዛዝ ፈለግሁ፤ ዝርዝሩ ባዶ ነው። አጥፍቼ አበራሁት። ባዶ። እንደገና። ባዶ።

ትዕዛዙ መጣ፣ አየ፣ ቆቡን አወለቀ።

ሚያዝያ 25

ማሽኑ ከመጣበት ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ወንዳወቅ የሚባል ቴክኒሽያን ቁጥር በሰው በሰው አግኝተን ደወልን። የሆነውን ነገርሁት።

«ባትሪ ነዋ። መቼ ነው የተቀየረው?»

«አዲስ ነው። መስከረም ላይ እናንተ ቀይራችሁታል።»

«እኛ? እኛ መስከረም ላይ ተበትነን ነበር፤ ማን ይቀይራል? ምን ይላል ላዩ ላይ?»

«01/2003።»

ቀስ ብሎ፣ ሰው የሚያረዳ ይመስል፣ «በማን አቆጣጠር?» አለኝ።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁ።

«ፈረንጁ መሐንዲስ ነው የቀየረው፣ እኔ እዛው ነበርኩ። በራሱ አቆጣጠር ነው የጻፈው። በእኛ 1995 መሆኑ ነው። ስምንት ዓመት! እስካሁን መቆየቱም ይገርመኛል። በየቀኑ ስታበሩት ቆየላችሁ እንጂ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ አይችልም ነበር። ስክሪኑ አልጮኸም እንዴ?»

ጮኋል። ሁለት ወር ሙሉ ጮኋል።

«የጻፋችሁትን ሌላ ቦታ ገልብጣችኋል?»

አልገለበጥንም።

«የማሽኑ ቁጥር እንኳ ይገኛል። በሩ ውስጠኛ ኪስ ላይ ፋብሪካው የለጠፈው ወረቀት አለ፤ አንድ በአንድ መልሳችሁ ታስገባላችሁ። የጻፋችሁት ግን ሄዷል። አዝናለሁ እህቴ።»

ስልኩን ዘግቼ ለትዕዛዙ ነገርሁት። «ደረሰ እኮ ነው ያለው፣ አዲስ ነው ብሎ» አለ ትዕዛዙ። «ያንን ለማንም እንዳትናገር» አልሁት።

ሚያዝያ 27

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ልጻፍ።

ተናድጃለሁ። በሙት ላይ መናደድ ኃጢአት ከሆነ ኃጢአተኛ ነኝ። አንተ ደረሰ፣ በሳልሳ ጣሳ ሳምንት ሙሉ የሳቅህብኝ! ፈረንጅን ልትቀድመው ነው ያልኸኝ! አንተ ራስህ መስከረም ነው ብለህ ገባህ? ምን አለ አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ? ብትጠይቀኝም እኔ መስከረም ነው እል ነበር፤ እሱንም አውቃለሁ። መስከረም 2003 ላይ ቆመን 2003ን ስናይ ሌላ ምን ይመስለናል? ባለ ዘመኑ እኛ ነን ብለን።

ደግሞ ማሽኑ ነግሮኛል። በሕይወት ያለው እየጮኸ የሞተውን አመንሁ። ይኼ የእኔ ነው። ያን ሐሙስ እንቅረጸው ሲለኝ እምቢ ያልሁትም እኔ ነኝ። ሰው እንዲያይልኝ ብዬ። ዛሬ በእጄ ይሆን ነበር፤ በጣቴ እዳስሰው ነበር።

ግንቦት 2

ትዕዛዙ ወረቀቱን ያነባል፣ እኔ አስገባለሁ። ዓይኔ ቀላ። ባትሪ ወንዳወቅ ፈልጎ በአውቶቡስ እልካለሁ ብሏል። እስከዚያ ማሽኑ መጥፋት የለበትም።

ግንቦት 4

መብራት ጠፋ። ሁሉም ሄደ። ከዜሮ።

ግንቦት 7

ጨረስን። ጠረጴዛው ሄደ። አልተደሰትሁም። ትዕዛዙ «የኮሚቴው ቀን ምን እንቅረጽ?» አለ። ክብ አልሁት። ክብ ይበቃቸዋል።

ግንቦት 9፣ ማክሰኞ

ኮሚቴው መጣ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢው መነጽራም ሽማግሌ ናቸው። ቁራጭ አሉሚኒየም አሰርሁና አዘዝሁት። መብራቱ እንዳይሄድ ስማጸን ቆየሁ፤ አልሄደም። ክቧን ቆርጦ ሰጠ። ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት፣ አጠገባቸው ላለው አቀበሉ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

«ግሩም ነው። የትምህርት ቤቱን ስም ይቀርጻል ተብሎ ተጽፎልን ነበር፤ እሱስ?» አሉ።

ባትሪው አልቆ ማሽኑ ውስጥ የተጻፈው መጥፋቱን ነገርኋቸው።

አቶ ገነነ ከኋላ «ባትሪው አዲስ ነው አልተባለም ነበር እንዴ? ማነው ያለው? ደረሰ ነው?» አሉ።

ትዕዛዙ አየኝ። አንዱ የኮሚቴ አባል እስክሪፕቶውን ይዞ ይጠብቃል። እዚያ ቆሜ ሁሉንም አሰብሁት። እሱ ነው ብል እውነት ነው። ነገ ግን ሬሳ ተሸክሞ መጣ ያለው አፍ ሁሉ ቀን ማንበብ ያቃተው መሐንዲስ ይለዋል። ፍኖተ ሰላም እንዲህ ያለ ቀልድ ካገኘች አትለቅም። እሱ ደግሞ መልስ አይሰጥም።

«እኔ ነኝ። ቀኑን አይቼ የእኛ ዘመን መሰለኝ። ደረሰ አላየውም» አልሁ።

አንዱ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም፤ «ያሳዝናል» ብለው አስጻፉ። ማሽኑ በሥራ ላይ ያለ ንብረት ተብሎ ተመዘገበ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ይጻፍላት ተባለ። አቶ ገነነ ሲወጡ «ሰውየው ዓይን ነበረው እኮ፤ ዕንቁ ነው ያመጣልን» አሉ። ደረሰን ነው።

የፈለግሁት ይኼው ነበር። ሆነልኝ።

ግንቦት 11

መንፈቁን አወጣን። ፍትሐቱ ተፈጸመ፣ ካህናቱ በሉ ጠጡ፣ ሰው መረቀ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጅጋ ገብቶ ኖሯል። እማማ እህተ ማርያም ማዕዱ ከተነሳ በኋላ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«ልጄ የጻፈውን አጠፋሽው አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማማ።»

«በምን?»

«ቀን ተሳስቼ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እሱ እንዲህ ያለ ነገር አይሳሳትም ነበር» አሉ።

«አይሳሳትም» አልሁ።

ስነሳ እግዜር ይስጥልኝ አሉኝ፣ እንደ ማንኛዋም ልቅሶ ደራሽ። አልሸኙኝም። ግራሩ ዘንድ ስደርስ ዞር አልሁ፤ በሩ ተዘግቷል።

ግንቦት 16፣ ማክሰኞ

ባትሪው ትናንት በአውቶቡስ መጣ። ወንዳወቅ ሁለት ጊዜ ደውሎ «ማሽኑ በርቶ እያለ ነው የሚቀየረው። ካጠፋሽው በኋላ ብትቀይሪው ዋጋ የለውም» ብሎ አስጠንቅቆኛል። በርቶ እያለ ቀየርነው። ቀዩ ነገር ጠፋ። ስክሪኑ ዝም ሲል ወርክሾፑ ጭር አለብኝ።

ትዕዛዙ መፍቻውን እየጠረገ፣ ፊቱን ወዲያ አድርጎ፣ «የትምህርት ቤቱ ስም አልነበረም አይደል?» አለኝ።

«አልነበረም።»

«አ ነው ብዬሽ ነበር። ከፈለግሽ ካሬ ወረቀት አምጥተን እኛው እንለካው። አራት ፊደል እኮ ነው፤ አልጣሽ።»

«ተወው» አልሁት። እኛ ብንጽፈው ስሜ ነው የሚሆነው። እሱ ሲጽፈው ሌላ ነበር። እናቴ ከእኔ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራ ነው አልጣሽ ያለችኝ፤ ስም ሳይሆን ልመና ነው። ሰው ሁሉ ሲጠራኝ ኖሮ ልመናነቱን ረስቼው ነበር። እሱ ጥቅምትን ሙሉ፣ በማይንቀሳቀስ ማሽን ላይ፣ ነጥብ በነጥብ ያንን ሲል ነበር የከረመው። ማስጠንቀቂያው ዛሬ ደረሰኝ፤ «ለአልጣሽ» ይላል። አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

የባትሪው ሣጥን ከመዘጋቱ በፊት እስክሪፕቶ ተቀበልሁና በአዲሱ ባትሪ ላይ ቀኑን ጻፍሁ። 09/2003። ቆም አልሁና ከጎኑ «በእኛ» ብዬ ጨመርሁበት። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ማንንም አምኖ እንዳይሳሳት ነው።